«ባዶ» ከተባለው መሬት ስር ያለ እንቁላል

ፖለቲካ ለማንበብ የገባችሁ ዛሬ ታገሱኝ፤ የምጽፈው ስለ ዓሣ ነው። ዝም ብሎ ዓሣ ግን አይደለም። ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ፣ ዕድሜው ከአንድ ክረምት የማያልፍ፣ ኩሬው ሲደርቅ እናትም አባትም አልቀው እንቁላሉ ብቻ ደረቅ መሬት ውስጥ ተቀብሮ የሚከርም ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ በአገራችን ምዕራብ አለ። ከአገራችንና ከሱዳን የተገኘው ዝርያ ሳይንሳዊ ስም የወጣለት በ2009 ነው። በእነዚያው ዓመታት የምዕራቡ ቆላ «ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት» እየተባለ በአሥርና በመቶ ሺህ ሄክታር ለባለሀብት ይከራይ ነበር። ብዕር ያስነሳኝ የእነዚህ የሁለቱ መገጣጠም ነው። (ዓ.ም ካላልኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«አንተ ጉቴ ተቀምጠህ ስለ ጋምቤላ ቆላ ዓሣ ምን አገባህ?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ውሃው ነው። እኛ ጋ የሚዘንበው ዝናብ ወደ አንገርና ወደ ዴዴሳ ወርዶ አባይ ይገባል። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቄለም በኩል ሲኬድ ግን ውሃው ፊቱን ያዞራል። ብርብር ከገባ ጋር ተገናኝቶ ባሮ ይሆናል፤ ባሮም ገደሉን ወርዶ ጋምቤላ ሜዳ ላይ ይተኛል፤ ከዚያ ሶባት፣ ከዚያ ነጭ አባይ። ሁለቱ የወለጋ ውሃዎች ዳግም የሚገናኙት ካርቱም ላይ ነው። ነቀምቴ ከባህር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን ጋምቤላ ከተማ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እኛ ደጋ ላይ ጃንጥላ ስንዘረጋ እነሱ ሜዳ ላይ ጎርፍ ይጠብቃሉ። ክረምት ሲወጣ ደግሞ ያ ሁሉ ውሃ ይሸሽና መሬቱ ይሰነጠቃል።

የሚሰነጠቀውን አፈር ገበሬ ያውቀዋል። መረሬ እንለዋለን። ክረምት ላይ ያብጣል፣ እግር ይይዛል፤ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በኢትዮጵያ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ እንዲህ ያለ አፈር እንዳለ ባለሙያዎች ይገምታሉ። ይህ አፈር ውሃ ሲጠግብ እንደ ሸክላ ገበታ ስለሚደፈን በላዩ የተጠራቀመ ዝናብ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሳይሰርግ ይቆያል። ከሱዳን እስከ ደቡብ አፍሪካ የተዘረጋው የዚህ ዓሣ ወገን በአብዛኛው የሚገኘው እንዲህ ባለ አፈር ላይ በተኙ ጊዜያዊ ኩሬዎች ውስጥ ነው። ላዩ ሲደርቅ ስሩ ለረጅም ጊዜ ትንሽ እርጥበት ይዞ ይቀራል፤ እንቁላሉ የሚከርመው በዚያ እርጥበት ነው።

የዓሣው ወገን የሳይንስ ስሙ ኖቶብራንኪየስ ነው። አርቢዎች ከሌሎች ዘመዶቹ ጋር ጠቅልለው ኪሊፊሽ ይሉታል። ስሙ በእንግሊዝኛ «መግደል» ከሚለው ቃል ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ «ኪል» በደች ቋንቋ ትንሽ የውሃ ቦይ ማለት ነው። የቦይ ዓሣ እንደ ማለት ነው። በኦሮምኛ ዓሣን ሁሉ ቁርጡሚ እንላለን፤ ለዚህ ለትንሹ ለብቻው የወጣ ስም ካለ የምታውቁ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው ቪልሄልም ፒተርስ የሚባል ጀርመናዊ ነው። በ1840ዎቹ ሞዛምቢክ ውስጥ ለዓመታት ሲዞር ከሰበሰባቸው እንስሳት አንዱን ዓሣ በ1844 ስም አወጣለት፤ በ1868 ደግሞ ኖቶብራንኪየስ የሚለውን የወገን ስም ሰጠ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የቅኝ ግዛት ካርታን ተከትሎ የሚሄድ ነው። ጀርመኖች በ1893 ከዛንዚባር አንድ መዘገቡ። በ1897 ደግሞ ዴቺዮ ቪንቺጉዌራ የሚባል የጣሊያን የዓሣ ሊቅ ከሶማሊያ በመጣ ናሙና ላይ ተመሥርቶ አንድ ሌላ ዝርያ መዘገበ። መርከቡ የቆመበት፣ ወታደሩ የደረሰበት ቦታ ሁሉ ዓሣው ስም ያገኛል።

1897 ለወለጋ ሰው ሌላም ትርጉም አለው። ጣሊያናዊው ሻምበል ቪቶሪዮ ቦቴጎ የሞተበት ዓመት ነው። ቦቴጎ በ1895 መጨረሻ ከሶማሊያ ጠረፍ ተነስቶ ኦሞ ወንዝ የት እንደሚያበቃ ሊያጣራ ገባ። ቱርካና ሐይቅ ደረሰ። እሱ በረሃ ለበረሃ ሲዞር እዚህ ሰሜን ላይ አድዋ ተዋግተን ጨርሰናል፤ የካቲት 1888 ዓ.ም አልፏል። ቦቴጎ ከቱርካና ወደ ሰሜን አቅንቶ የሶባትን ገባሮች እያቋረጠ፣ የባሮን ሜዳ አልፎ ወደ ቄለም ወጣ። አገሩ በደጃዝማች ጆቴ ቱሉ እጅ ነበር። መጋቢት 1889 ዓ.ም ላይ ጊዳሚ አጠገብ ዳጋ ሮባ በሚባል ኮረብታ ተከቦ ተገደለ። ከባልንጀሮቹ ቫኑቴሊና ቺቴርኒ ተማርከው ቆይተው ኋላ ተለቀቁ፤ የጉዞውን መጽሐፍ የጻፉትም እነሱ ናቸው።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ከአድዋ ጋር አያይዛችሁ ታውቁታላችሁ። እኔን የሚገርመኝ ግን የወቅቱ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ጉዞ ለተፈጥሮ ሙዚየም እንስሳ ይሰበስባል፤ ቦቴጎም ለጄኖቫው ሙዚየም ብዙ ነገር ሰብስቧል። በባሮ ሜዳ ያለፈው ግን በበጋ ነው። በበጋ ይህ ዓሣ የለም። አንድም የለም። ያለው እንቁላል ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ እንቁላል፣ ከስንጥቁ ስር። ምናልባት እሱና በቅሎዎቹ ረግጠውት አልፈዋል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ሆኖም ለበጋ መንገደኛ ያ ሜዳ ምን እንደሚመስል መገመት ቀላል ነው፤ ደረቅ፣ የተሰነጠቀ፣ ምንም የሌለበት።

ሳይንሱ ራሱ ነገሩን ቶሎ አልተረዳውም። ትላንት ደረቅ የነበረ ጉድጓድ ከዝናብ በኋላ በሳምንታት ውስጥ በዓሣ ሲሞላ ያየ ሰው ምን ይላል? በብዙ አገር ዓሣ ከሰማይ ይዘንባል የሚል እምነት ነበር፤ አልፈርድባቸውም። የስታንፎርዱ ጆርጅ ማየርስ «ዓመታዊ ዓሦች» የሚለውን ስያሜ አደራጅቶ ያቀረበው በ1952 ነው። ልክ እንደ ዓመታዊ ተክል፣ ወላጁ ይሞታል ዘሩ ይከርማል። ልብ በሉ፤ ይህን የጻፈው በታላቅ የምርምር መጽሔት ላይ ሳይሆን የሳን ፍራንሲስኮ አኳሪየም ወዳጆች ማኅበር በሚያሳትመው መጽሔት ላይ ነው። አንባቢዎቹ ቤታቸው ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ነበሩ። የዚህ ዓሣ እውቀት ከመጀመሪያው ጀምሮ ግማሹ ያለው በሳሎን ቤት ነው።

በ1960ዎቹ በአሜሪካም በአውሮፓም የኪሊፊሽ አርቢዎች ማኅበራት ተቋቋሙ። የደረሱበት ጥበብ ሲታይ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ከብዙ የላቦራቶሪ ሥራ አልለየውም።

አንድ ወንድና ሁለት ወይም ሦስት ሴት ዓሦች ትንሽ አኳሪየም ውስጥ ይገባሉ። ወንዱ በቀለም የደመቀ ነው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። ሴቷ አፈር መሰል ናት። ወንዱ አንድ ብቻ የሚሆነው ሁለት ሲሆኑ ስለሚጣሉ ነው፤ ሴቶቹ የሚበዙት ደግሞ አንዷን ብቻዋን ካገኘ ያለ እረፍት ስለሚያሳድዳት ነው። ውስጡ ጎድጓዳ ዕቃ ይቀመጥና በፒት ይሞላል። ፒት ማለት በቀዝቃዛ አገር ረግረግ ውስጥ የተጠራቀመ ቡናማ የእጽዋት ብስባሽ ነው። በእሱ ፈንታ የኮኮናት ቃጫ ብስባሽም ይሠራል፤ አበባ እርሻ የሠራ ሰው ኮኮፒት ሲባል ያውቀዋል። አስቀድሞ ተቀቅሎ ይታጠባል፤ ያለዚያ ይንሳፈፋል፣ ውሃውንም ያጠቁራል። ጥንዶቹ እዚያ ብስባሽ ላይ ይወርዳሉ፤ ወንዱ ሴቷን በክንፉ አቅፎ ወደ ታች ይገፋታል፤ አንድ እንቁላል ይወጣል። አንድ ብቻ። ከዚያ እንደገና። በዱር ይህ የሚሆነው ጭቃው ላይ ነው። ጥሩ ምግብ ያገኘች ሴት በቀን በደርዘን የሚቆጠር ትጥላለች።

በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ብስባሹ ይወጣና በወንፊት ይጠለላል፤ በእጅ ተጨምቆ ጋዜጣ ላይ ይሰጣል። የሥራው ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። ምን ያህል ይድረቅ? ፈረንጆቹ «እንደ ፒፓ ትምባሆ» ይላሉ። ለእኛ ሰው ብነግረው፣ ጀበና ስር የቀረ የቡና አተላ ውሃው ጠፎ ነገር ግን ገና ዱቄት ሳይሆን ሲቀር እንዳለው ያለ እርጥበት እለዋለሁ። ሲጨብጡት አያንጠባጥብም፤ ሲለቁት አይበንም። በጣም ከረጠበ እንቁላሉ ይሻግታል፤ በጣም ከደረቀ ይጨማደዳል። ከዚያ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ይታሰርና 25 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት ጨለማ ቦታ ይቀመጣል።

ከረጢቱ ላይ ደግሞ ይጻፋል። የዝርያው ስም፣ ዓሣው መጀመሪያ የተያዘበት ቦታ መለያ፣ ከውሃ የወጣበት ቀን። አርቢዎቹ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። ከአንድ ኩሬ የመጣን ዓሣ ከሌላ ኩሬ ዘመዱ ጋር ማዳቀል በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። ምክንያቱም ኩሬዎቹ እርስ በርስ አይገናኙም፤ የእያንዳንዱ ዓሣ ለብቻው ሲኖር ሺህ ክረምቶችን ቆጥሮ ሊሆን ይችላል። መለያው ከጠፋ ያ ታሪክ ጠፋ። መዝገብ ቤት የሠራ ወይም መዝገብ ቤት የተንገላታ ሰው (ማን ያልተንገላታ አለ?) ይህን ልማድ ማድነቁ አይቀርም።

ስንት ጊዜ ይቆይ? በየዝርያው ይለያያል፤ ሁለት ወርም ስድስት ወርም አለ። አርቢው እንቁላሉን በአጉሊ መነጽር ያያል። የፅንሱ ዓይን ዙሪያው ወርቅማ ቀለበት ሆኖ ሲታይ ደርሷል። ያን ጊዜ ብስባሹ ሰፋ ያለ ዕቃ ላይ ይበተንና ቀዝቀዝ ያለ፣ 17 ወይም 18 ዲግሪ የሚሆን ውሃ ጥቂት ሴንቲሜትር ይፈሰስበታል። የመጀመሪያው ዝናብ ማስመሰያ ነው። በሰዓታት ውስጥ ጫጩቶቹ ይወጣሉ። ገና በመጀመሪያው ቀን መብላት አለባቸው፤ አርቴሚያ የሚባለው ጥቃቅን የጨው ውሃ ፍጥረት አዲስ ተፈልፍሎ ይቀርብላቸዋል። የአየር ከረጢታቸው ያልሞላላቸው አንዳንዶቹ መንሳፈፍ አቅቷቸው በሆዳቸው ይሳባሉ፤ አርቢዎቹ እንቁላሉ ገና ሳይደርስ ስለረጠበ ነው ይላሉ። ለመንሳፈፍ የቻሉት ግን እድገታቸው ለዓይን ያስፈራል። በ2018 የቼክ ተመራማሪዎች ሞዛምቢክ ኩሬ ውስጥ የዚህ ወገን አንዱ ዝርያ በተፈለፈለ በ14 ቀኑ ለመራባት እንደሚደርስ አሳይተዋል። ሁለት ሳምንት! አንዳንድ ቢሮ ደብዳቤ ቁጥር የሚያገኝበት ጊዜ ነው።

አርቢዎቹን ሲያስቸግር የኖረው ግን አንድ ነገር ነበር። ከአንድ ቀን እንቁላል፣ ከአንድ ከረጢት፣ ግማሹ ሲፈለፈል ግማሹ እንቢ ይላል። ያልተፈለፈለውን አድርቀው ከወር በኋላ ቢያረጥቡት ሌላ ጫጩት ይወጣል። አሁንም ቢደግሙት ሌላ። ይህን በ1972 በተከታታይ ጽሑፍ ያብራራው ጆን ዎርምስ የሚባል አሜሪካዊ የፅንስ ተመራማሪ ነው። እንቁላሉ በእድገቱ መንገድ ላይ ሦስት ቦታ ሊቆም ይችላል። ዳያፖዝ ይሉታል፤ የሕይወት እረፍት ብንለው ያስኬዳል። የመጀመሪያው ማቆሚያ ገና ፅንሱ ፅንስ ሳይሆን ነው፤ ሴሎቹ ተበታትነው ይቀመጣሉ። ሁለተኛው የጀርባው መሠረትና የልቡ ቱቦ ከተሠራ በኋላ ነው። ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ተሠርቶ ቅርፊቱን ሊሰብር አንድ ስንዝር ሲቀረው ነው። አንዳንዱ እንቁላል አንዱን ማቆሚያ ዘልሎ ያልፋል፣ አንዳንዱ ወራት ይቆምበታል።

ለምን? ዝናብ ስለሚያታልል። ሚያዝያ ላይ የወረደ ዝናብ አሳስቶ ሊጠፋ ይችላል። ሁሉም በመጀመሪያው ጠብታ ቢፈለፈሉና ኩሬው በአሥረኛው ቀን ቢደርቅ ዘሩ አለቀ። የእኛ ገበሬ በቆሎውን ሁሉ በመጀመሪያው ዝናብ አይዘራም፤ ከጎተራው ትንሽ ያስቀራል። ዓሣዋም እንደዚያው ናት።

ጠቅላላ ዕድሜያቸው ወራት በመሆኑ ምክንያት ይህ የሳሎን ጨዋታ ወደ ትልቅ ሳይንስ ተሻገረ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከዚምባብዌ ጎናሬዡ አካባቢ የተያዘ ዝርያ በ1971 ኖቶብራንኪየስ ፉርዜሪ ተብሎ ተሰየመ። የዚያ ኩሬ ዘር በአርቢዎች እጅ፣ በላስቲክ ከረጢትና በፖስታ፣ ከቤት ቤት እየተላለፈ ለአሥርት ዓመታት ቆየ። በ2003 ሁለት ጣሊያኖች፣ ስቴፋኖ ቫልዴሳሊቺ የሚባል የኪሊፊሽ አርቢና አሌሳንድሮ ቼሌሪኖ የሚባል የነርቭ ተመራማሪ፣ ይህ ዓሣ በምቹ አኳሪየም ውስጥ እንኳ ከሦስት ወር ገደማ በላይ እንደማይኖር አሳተሙ። የሚበላው አጥቶ ወይም ኩሬው ደርቆበት አይደለም፤ አርጅቶ ነው። በሦስት ወር ውስጥ እርጅናን ከነምልክቱ የሚያሳይ ባለ አከርካሪ እንስሳ ማለት ለእርጅና ጥናት ከሰማይ የወረደ መና ነው። በ2015 የስታንፎርዱ የአን ብሩኔ ቡድንና የጀርመኑ የዬና ተቋም የጂኖም ካርታውን በአንድ ጊዜ አወጡ። በ2020 የብሩኔ ቡድን ደግሞ ፅንሱ ለወራት ቆሞ ቢቆይ በኋላ ዕድሜው ላይ የሚቀነስበት እንደሌለ አሳየ። ቆሞ የቆየበት ጊዜ አይቆጠርበትም ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው ስሙና ቦታው በጥንቃቄ የተጻፈበት ከረጢት ነው። አርቢው መለያውን ቢጥል ኖሮ ሳይንቲስቱ ምን ይዞ ይነሳ ነበር?

ከስሞቹ አንዱን ያዙልኝ፤ ቫልዴሳሊቺ። በ2009 ከሱዳንና ከምዕራብ ኢትዮጵያ የተገኘውን አዲስ ዝርያ ኖቶብራንኪየስ ኑባኤንሲስ ብለው ከሰየሙት አራት ሰዎች የመጀመሪያው እሱ ነው። ስሙ በሱዳን ካለው ኑባ የተወሰደ ነው። ሌላው ሩሲያዊው አሌክሳንደር ጎሉብትሶቭ ነው። እሱ በኢትዮጵያና በሩሲያ የጋራ የባዮሎጂ ጥናት ጉዞ ስር ለዓመታት የአገራችንን ወንዞች የፈተሸ ሰው ነው። በ1995 ከባልደረቦቹ ጋር አዲስ አበባ ያሳተመው የጋምቤላ ዓሦች መለያ መጽሐፍ አለ። የነጭ አባይ ተፋሰስ በኢትዮጵያ በዓሣ ዝርያ ብዛት አንደኛ መሆኑን፣ ከ100 በላይ ዝርያ እንዳለው የቆጠሩት በአብዛኛው እነዚህ ሰዎች ናቸው።

አንድ የታሪክ ምፀት አለ። ይህ የጥናት ጉዞ የተጀመረው በደርግና በሶቪየት ወዳጅነት ዘመን ነው። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ወዳጅነት፣ አቦቦ ላይ የአልዌሮ ግድብ ተሠራ። አንዱ የሶቪየት ቡድን ውሃውን ሊገድብ፣ ሌላው ውሃው ውስጥ ያለውን ሊቆጥር መጣ። ግድቡ ለብዙ ዓመት ያለ ሁነኛ ሥራ ቆይቶ በኋላ ሳውዲ ስታር የተባለው ድርጅት 10 ሺህ ሄክታር ሩዝ ሊያለማበት ተከራየው።

ወደ 2009 እንመለስ። በ2008 ዓለም አቀፍ የምግብ ዋጋ ንሮ ነበር፤ መሬት ፈላጊው በዛ። የመንግሥት ቋንቋ «ጥቅም ላይ ያልዋለ ሰፊ መሬት» ነበር። የህንዱ ካሩቱሪ በ2010 በተፈረመ ውል ጋምቤላ ውስጥ 100 ሺህ ሄክታር አገኘ፤ ኪራዩ በሄክታር በዓመት 20 ብር። ኑዌርና አኙዋ ከብት የሚያሰማሩበት፣ ዓሣ የሚያጠምዱበት፣ ውሃ ሲሸሽ ዳርቻውን የሚዘሩበት ሜዳ በካርታ ላይ ነጭ ሆኖ ታየ። ለምን ቢባል አንዱ ምክንያት ያው የቦቴጎ ነገር ነው ባይ ነኝ፤ የሚያየው ሰው በበጋ፣ መኪና በሚገባበት ወር ይመጣል።

ሜዳው ራሱ መልስ ሰጠ። በ2011 ባሮ ሞልቶ የካሩቱሪን የበቆሎ ማሳ በላው። ድርጅቱ የጎርፍ መከላከያ ክትር ሠርቶ ነበር፤ አልበቃም። በ2015 መጨረሻ ውሉ ተቋረጠ። ስለ ሰፈራው፣ ስለ ተፈናቀለው ሰው፣ ስለ ባንክ ብድሩ ብዙ ተጽፏል፤ እሱን አልደግምም። የማነሳው ያልተጻፈውን ነው። ክትር፣ የማድረቂያ ቦይና ትራክተር ለእንደዚህ ያለ ዓሣ ምን ማለት ናቸው?

ኩሬው ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ መሙላትና መድረቅ። ቦይ ቆፍረህ ካጠነፈፍከው ዓሣው ለመራባት ጊዜ አያገኝም። ገድበህ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ካስተኛህበት ደግሞ አምባዛው ይገባል፤ ትልልቅ ዓሦች ይህን ትንሽ በአንድ ወር ይጨርሱታል። የሚኖረው ሌላው ሊኖር በማይችልበት ቦታ ነው፤ ድርቁ ጠላቱ ሳይሆን አጥሩ ነው። ጥልቅ እርሻ እንቁላሉን ከስር ያዳፍነዋል፤ ጸረ ተባዩ በጎርፍ ታጥቦ የሚጠራቀመው ዝቅ ያለው ቦታ፣ ማለትም ኩሬው ላይ ነው። የሰው እጅ ሁሉ ግን ጠላት አይደለም። በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች አርቢዎችና ተመራማሪዎች ይህን ወገን በብዛት ካገኙባቸው ቦታዎች አንዱ መንገድ ሲሠራ አፈር ከተዛቀባቸው የመንገድ ዳር ጉድጓዶች ውስጥ ነው።

«የአውራ ጣት ዓሣ ለማን ይጠቅማል?» ለሚለኝ ሁለት ነገር እላለሁ።

አንደኛው ወባ ነው። ወለጋ ቆላውም ጋምቤላም በወባ ያለፈበትን ታውቃላችሁ። በታንዛኒያ የሠራ ቫንደርፕላንክ የሚባል እንግሊዛዊ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ይህን የዓሣ ወገን የአገር በቀል የወባ መከላከያ ብሎ ጽፎበታል፤ የትንኝ እጭ ይበላልና። ሐሳቡ ኋላም በየጊዜው ተነስቷል፤ እንቁላሉ ደረቅ ሆኖ በከረጢት ስለሚጓጓዝ ይማርካል። እኔ ተአምር አልጠብቅም። ትንኝ የላም ኮቴ ባጠራቀመው ውሃም ይራባል፤ ዓሣ ደግሞ ኮቴ ውስጥ አይገባም። ከሌላ አገር ዝርያ አምጥቶ መበተንማ የአገሩን ማጥፋት ነው። ግን በተፈጥሮ ያለበትን ኩሬ ሳይነኩ መተው አንድ ብር አያስወጣም።

ሁለተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በጤፍ ላይ የደረሰውን አንረሳም፤ የኔዘርላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ይዞ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው በ2018 የሔግ ፍርድ ቤት አይጸናም ያለው። እኛ በ1998 ዓ.ም የወጣ፣ ቁጥሩ 482 የሆነ፣ የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምን የሚገዛ አዋጅ አለን። የእጽዋት ዘር ባንካችን ደግሞ በ1976 የተቋቋመ ነው፤ በአፍሪካ ከቀደሙት አንዱ። የጤፍ፣ የገብስ፣ የማሽላ ዘር ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። የእርጅና ሳይንስ በሚሊዮን ዶላር የሚፈልገው የዓሣ ወገን ዘመድ እኛም ኩሬ ውስጥ አለ፤ የእንቁላሉ አቀማመጥ ደግሞ ከዘር አይለይም። ፈሳሽ ናይትሮጅን አይፈልግ፣ ጄኔሬተር አይፈልግ፤ ከረጢትና እስክሪብቶ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለው፤ የጤፍ ዘር ዓመታት ይታገሣል፣ ይህ በየጥቂት ወሩ ተረጥቦ፣ ተፈልፍሎ፣ እንደገና መጣል አለበት። የሚከታተለው ሰው ከተወው ዘሩ ይጠፋል።

ነቀምቴ ላይ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ጋምቤላም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ሰበታ ላይ የዓሣና የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፣ ሃያ ሠላሳ የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ዕቃ፣ ወንፊት፣ የኮኮናት ብስባሽ፣ አጉሊ መነጽርና ደብተር ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ጠፋ ለምትሉኝ ተማሪዎች እነሆ ርዕስ። መጀመሪያ የሚሠራው ግን ክፍሉ አይደለም። ዝናቡ ከገባ ከአምስት ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ኩሬዎቹ ሞልተው መንገዱ በጭቃ ሳይዘጋ፣ መረብ ይዞ ወርዶ በየትኛው ኩሬ እንዳለ፣ በየትኛው እንደሌለ መመዝገብ ነው። ቦታው የሚጻፍበት መለያ ላይ እስካሁን ጎልቶ ያለው የሌላ አገር ሰው እጅ ጽሕፈት ነው።